የጓዳችን ጤና በሰፈራችን ባለሙያዎች እጅ ነው

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በቅርቡ ስለ ከሰል ዋጋ መወደድ ያወጣችሁትን ዘገባ በጥሞና አንብቤዋለሁ። የዋጋው ነገር እውነት ነው፤ ሁላችንንም አስጨንቆናል። ይሁን እንጂ ዘገባው ከሰል ሻጮቹንና የጭነት መኪኖቹን ተከትሎ ከገበያው ዳር ስለተመለሰ፣ ከሰሉ ቤታችን ከገባ በኋላ በምን ዓይነት ምድጃ እንደሚነድ፣ ትንፋሹን ማን እንደሚስበው፣ ወጪውን በሩብ ያህል የሚቀንስ ምድጃ የሚሠራው ባለሙያ የት እንዳለና ለምን እንደማንገዛው ሳይነሣ ቀርቷል። እኔ 31 ዓመት በመንግሥት ትምህርት ቤቶች በመጀመሪያ የባልትናና የቤት አያያዝ፣ በኋላም የባዮሎጂ ትምህርት ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ መምህርት ነኝ። ስለ ጓዳ የምጽፈው ዕድሜዬን ሙሉ ስለኖርኩበትና ስላስተማርኩት ጉዳይ ነውና ደብዳቤዬ ረዘም ቢል አንባቢ እንዲታገሠኝ እለምናለሁ።

ለመጻፍ ያነሣሣኝ ባለፈው ክረምት በግቢያችን የደረሰው ነገር ነው። ከጓሮ ባለችው አንዲት ክፍል ተከራይታ የምትኖር ወጣት አራስ ነበረች። ወሩ ሐምሌ ነው፤ ዝናቡ ከቀትር ጀምሮ አላባራም። ልጅቱ ሕፃኑን ለማጠብ ውኃ አሙቃ ስትጨርስ ብርዱን ፈርታ በሩን ዘጋች፤ በበሩ ሥር ያለውን ክፍተት በአሮጌ ነጠላ ወተፈች፤ ገና ፍሙ ያልከሰመውን ምድጃም አልጋው አጠገብ አስጠጋችው። ማምሻውን አጥሚት ይዤላት ብሄድ መልስ አጣሁ። በሩን ገፋ ሳደርገው ያ የተወተፈው ነጠላ ያዘው፤ በትከሻዬ ገፍቼ ስገባ ልጅቱ አልጋው ጠርዝ ላይ ተደፍታ፣ ሕፃኑ ከጎኗ ዝም ብሎ ተኝቶ አገኘኋቸው። በክፍሉ ውስጥ ጭስ አልነበረም። ሽታም አልነበረም። ጎረቤት ተጠራርተን ወደ ደጅ ካወጣናቸው በኋላ አንዷ ሎሚ ታሽትት፣ ሌላዋ ጠበል ይረጭባት ሲሉ፣ እኔ መኪና ፈልጉ እያልኩ እጮህ ነበር። በጤና ጣቢያ ኦክስጅን ተደርጎላቸው ወደ ሆስፒታል ተላኩ፤ በሦስተኛው ቀን ሁለቱም በሰላም ተመለሱ፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ያ ምድጃ እኔ የሰጠኋት ምድጃ ነበር። ከቆርቆሮ የተሠራ፣ ሆዱ ተበልቶ ያለቀ፣ እኔ ሳልፈልገው የቀረ ምድጃ ነው። ለድሃ ልጅ ያደረግኩት ደግነት መስሎኝ ነበር፤ ያን ቀን ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ያደረው በዚህ ምክንያት ነው።

የሆነውን ነገር ሳይንሱ በደንብ ያውቀዋል። ከሰል በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለውን ጋዝ ይለቃል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ኦክስጅን ራሱ ከሚይዘው ከ200 ጊዜ በሚበልጥ ጥንካሬ ስለሚይዘው፣ ሰውየው እየተነፈሰ ሳለ አካላቱ በአየር እጦት ይታፈናሉ። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ጉልበት መክዳት ምልክቶቹ ናቸው፤ እኛ ግን ብዙ ጊዜ ጉንፋን ነው፣ ብርድ ነው፣ አለዚያም ዓይን ነው ብለን እናልፋቸዋለን። ከሰሉ ቀልቶ ጭሱ ካለቀ ችግር የለውም የሚለው ከእናቶቻችን የወረስነው እምነት ትክክል አይደለም፤ ጭስ የሌለው ፍምም ያፍናል። ከዚህ የባሰው ግን በአንድ ሌሊት የማይታየው፣ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት የምንጠጣው ጭስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ ከሚነድ ማገዶና መሰል ነዳጅ የሚወጣው ብክለት በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ በዓለም ዙሪያ ለ3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞት ምክንያት እንደነበረ ገምቷል። ከእነዚህ ውስጥ ከ237,000 በላይ የሚሆኑት ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ናቸው፤ በእናታቸው ጀርባ ታዝለው ምድጃ ዳር የሚውሉት እነሱ ናቸውና።

ልጅቱ ከሆስፒታል በተመለሰች በሳምንቱ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ሄድኩ። ምናለሽ ተራን የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ጥቂት ነው። ሌላው የጣለው ሁሉ እንደገና ነፍስ የሚዘራበት ቦታ ነው፤ በርሜሉ ምድጃ፣ ጣሳው ኩራዝና ማንቆርቆሪያ፣ የመኪና ጎማው በረባሶና የአህያ ጭነት ማሰሪያ ይሆናል። ስለ አረንጓዴ ኢኮኖሚ በየአዳራሹ በሚነገርበት በዚህ ዘመን፣ ማንም ሳያስተምራቸው ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ሲሠሩት የኖሩት እነዚህ ሰዎች መሆናቸውን ስናነሣ ብዙም አልሰማም። በመዶሻው ጩኸት መካከል አንድ ምድጃ ሠሪ አገኘሁ። ጥሩ ላቀች ምድጃ እፈልጋለሁ ስለው ሁለት ምድጃ አወጣና ጎን ለጎን አስቀመጠልኝ። በዓይን ሲታዩ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም በቆርቆሮ የተለበጡ፣ ሁለቱም ውስጣቸው ሸክላ ነው። ከዚያም የአንደኛውን ሸክላ በጣቱ አንኳኳና «ይስሙት እስቲ እናቴ» አለኝ። እንደ ደወል ጠርቶ ጮኸ። ሁለተኛውን ሲያንኳኳው ግን እንደ እርጥብ እንጨት ድፍን ያለ ድምፅ ሰጠ። «ይሄኛው ገና ጭቃ ነው፤ በደንብ አልተቃጠለም። ሁለት ወር አይቆይም፤ ይሰነጠቅና የከሰል ጠላት ይሆንብዎታል» አለኝ። ቀጥሎ የሸክላውን ውፍረት በአውራ ጣቱ ለካልኝ፤ የወንፊቱን ቀዳዳዎች አመድ ሳይደፍናቸው አየር እንዲያሳልፉ እኩል መበሳታቸውን አሳየኝ፤ በሸክላውና በቆርቆሮው መካከል የተሞላው ማጣበቂያ ክፍተት እንዳይኖረው አዙሮ አስነካኝ። 31 ዓመት ሙቀት እንዴት እንደሚተላለፍ ሳስተምር ሸክላ ሙቀትን ይዞ እንደሚያቆይ፣ ብረት ግን ወዲያው ወደ ውጭ እንደሚበትነው በሰሌዳ ላይ ሥዬ አሳይ ነበር፤ ያን ትምህርት በጣት ማንኳኳት ብቻ ሲያስረዳኝ አክብሬው ቆሜ ቀረሁ።

ላቀች የተባለው ይህ የከሰል ምድጃ በ1980ዎቹ ዓ.ም. በአገራችን የኢነርጂ ባለሙያዎች ተሻሽሎ የተዋወቀ ነው፤ ከተለመደው የቆርቆሮ ምድጃ ጋር ሲነጻጸር ከሰልን በ25 በመቶ ያህል ይቆጥባል። ለእንጀራ መጋገሪያ የወጣው ምርጥ ምድጃ ደግሞ ከሲሚንቶና ፑሚስ ከሚባለው ቀላል ድንጋይ የሚሠራ ሲሆን በሦስት ጉልቻ ከመጋገር እስከ ግማሽ የሚደርስ ማገዶ ያድናል፤ እሳቱን ዙሪያውን ስለሚከልለውም የጋጋሪዋን ፊትና ዓይን ከወላፈን ይጠብቃል። እኔ በበኩሌ የራሴን ቤት መዝግቤ አይቻለሁ። በአሮጌው ምድጃ አንድ ማዳበሪያ ከሰል አምስት ሳምንት ያቆየን ነበር፤ በአዲሱ ስድስተኛውን ሳምንት አልፎ ወደ ሰባተኛው ተሻገረ። የምድጃው ዋጋ ከሁለት ማዳበሪያ ከሰል በኋላ ተመልሷል ማለት እችላለሁ። አንድ ነገር ግን ሳላሳስብ ማለፍ አልፈልግም፤ ላቀችም ይሁን ሌላ፣ ማንኛውም የከሰል ምድጃ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ያፍናል። ጥሩ ምድጃ የከሰሉን መጠን ይቀንሳል እንጂ መስኮት የመክፈትን ግዴታ አያስቀርም። አቅም ያለውና መብራት የማይጠፋበት ቤት ወጡንም ቡናውንም በኤሌክትሪክ ቢያደርገው ለጤናው ከሁሉ የተሻለ ነው፤ የአገራችን ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ ከውኃ የሚመነጭ ነውና ለደናችንም ዕረፍት ይሆናል። በዚያም ቢሆን የሰፈር ባለሙያ አለ፤ የምጣድ ሬዚስታንስ የሚቀይረውን ጠጋኝ ሳንፈልግ ምጣዱን አውጥተን የምንጥል ሰዎች በዝተናል።

ባለሙያው ምድጃውን ሲያስርልኝ ሥራ እንዴት ነው ብዬ ጠየቅኩት። የነገረኝ ነገር እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም። ያን በቅጡ ያልተቃጠለ ሸክላ ያለበትን ምድጃ የሚያስቀምጠው ለመሸጥ ሳይሆን ለደንበኛ ለማሳየት ነው። ገበያው ግን በዚያ ዓይነት ምድጃ ተጥለቅልቋል፤ ቆርቆሮው ቀጭን፣ ሸክላው ጭቃ፣ ዋጋው ግማሽ ነው። ገዢ ደግሞ ሁለቱንም ላቀች ብሎ ስለሚጠራቸው ርካሹን ይወስዳል፤ በሁለት ወር ሲሰነጠቅበት «ላቀች አይረባም» ብሎ ወደ ቆርቆሮው ይመለሳል። በዚህ ምክንያት ሙያውን አክብሮ የሚሠራው ሰው በራሱ ስም ይከስራል። በተጨማሪም ሸክላ ማቃጠያ የሚሆን ሰፊና ቋሚ ቦታ ስለሌለው ሸክላውን ከሌላ ቦታ ገዝቶ ለማምጣት ይገደዳል፤ በመንገድ የሚሰበረው የራሱ ኪሳራ ነው። እንግዲህ ይህ ሰው ምጽዋት አልጠየቀንም። የጠየቀው ጥሩውን ከመጥፎው የሚለይ ምልክትና የሚሠራበት መሬት ነው። የአገራችን የደረጃዎች ተቋም ለሲሚንቶና ለኤሌክትሪክ ገመድ ደረጃ እንደሚያወጣ ሁሉ፣ ለምድጃም በገዢው ዘንድ የሚታወቅ፣ በሸክላው ላይ የሚታተም ምልክት በየገበያው ቢኖር፣ እናቶች በጣታቸው እያንኳኩ ለመገመት አይገደዱም ነበር።

ከሰሉ ራሱስ ከየት ይመጣል? ወደ አዲስ አበባ ከሚገባው አንዱ ክፍል ከስምጥ ሸለቆ ግራር ነው። በባህላዊ መንገድ አፈር ተጭኖበት ሲከሰል ከ10 ኪሎ እንጨት ከ1 እስከ 2 ኪሎ ከሰል ብቻ እንደሚገኝ ስናስብ፣ በምድጃችን ላይ ከምናየው ፍም ጀርባ ስንት ግራር እንደተቆረጠ መገመት ይቻላል። ግን ሌላም መንገድ እንዳለ ገበሬዎቻችን አሳይተውናል። በአዊ፣ በተለይ በፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ አሲዳማ በሆነና ምርት በነሣቸው መሬት ላይ ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዘር ይተክላሉ፤ በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መካከል ጤፍ ይዘራሉ፤ በአራት በአምስት ዓመት ቆርጠው ያከስሉና እንደገና ይተክላሉ። ዛፉ ናይትሮጅን ወደ አፈሩ ስለሚመልስ መሬቱ ያገግማል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የዝገት በሽታ ዛፉን እያጠቃው መሆኑ ያሳዝናል፤ ነገር ግን ተተክሎ የሚከሰልና ተጨፍጭፎ የሚከሰል ከሰል አንድ አለመሆናቸውን ገዢው ማወቅ አለበት። ከቡና ገለፈት፣ ከሰጋቱራና ከሰሊጥ አገዳ የሚጨመቀውን ብሪኬትም በየሰፈሩ የሚሠሩ ወጣቶች አሉ። ለማቀጣጠል ዘግየት ይላል፤ ከተያያዘ በኋላ ግን እኩል ነዶ ረጅም ሰዓት ስለሚቆይ ለሽሮና ለባቄላ ቅቅል ይመቻል። ከሰል ሻጫችሁን ይህ ከየት የመጣ ነው ብላችሁ ጠይቁት። እኔ መጠየቅ ከጀመርኩ ወዲህ የሰፈሬ ሻጭ ለእኔ ብሎ ብሪኬት ማምጣት ጀምሯል፤ አሁን ደግሞ ሌሎችም ይወስዱታል።

ይህን ካልኩ ከምድጃው ወጣ ብዬ ስለ ዘንቢል ጥቂት ልበል፤ ነገሩ አንድ ነውና። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነ ፌስታል ለማምረትም ሆነ ከውጭ ለማስገባት ፈቃድ እንዳይሰጥ ከልክሎ ነበር። ፌስታሉ ግን ከ18 ዓመት በኋላም በየቦዩና በየከብቱ ሆድ ነበር። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የአንድ ጊዜ መጠቀሚያ ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ በማጽደቁ እኔ ከልቤ ተደስቻለሁ። ሥጋቴ አዋጁ ትቶት በሚሄደው ባዶ ቦታ ማን እንደሚገባ ነው። አሁን በየሱቁ የሚሰጠን፣ ጨርቅ የሚመስለው ያ ስስ ባለቀለም ከረጢት አብዛኛውን ጊዜ ፖሊፕሮፒሊን ከሚባል ፕላስቲክ የተሠራ ነው፤ ሲበጣጠስ እንደ ክር እየተፈታ አፈር ውስጥ ይቀራል። በአንጻሩ ከአክርማና ከሰሌን ዘንቢል የሚሰፉ እናቶች፣ ከጥጥ አቡጀዲ ከረጢት የሚሰፉ የሰፈር ልብስ ሰፊዎች፣ ከእንጦጦ ተራራ የእንጨት ሸክም ተላቀው ጥጥ እየፈተሉና እየሸመኑ የሚተዳደሩ ሴቶች በዓይናችን ፊት አሉ። ለዓመታት በየትምህርት ቤቱ ዘንቢል አሠርቻለሁ፤ በደንብ የተሰፋ ዘንቢል አምስት ኪሎ ድንች ተሸክሞ ብዙ ዓመት ያገለግላል። የጎማን በረባሶ የዓለም ገበያ ድረስ ያደረሰችው ቤተልሔም ጥላሁን ሶል ሬብልስ የተባለውን ድርጅቷን በ2004 እ.ኤ.አ. የጀመረችው በዚሁ በአዲስ አበባ፣ ዘነበወርቅ አካባቢ፣ የሰፈሯን ባለሙያዎች ይዛ ነው። አገር ቤት የተናቀ ሙያ ባሕር ሲሻገር የሚከበር መሆኑ ለእኛ ለገዢዎቹ ሊቆረቁረን ይገባል።

የጓዳ ነገር ከተነሣ የጓዳ ቆሻሻ አይዘለልም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በቆሼ የተናደው የቆሻሻ ክምር ከ110 በላይ ወገኖቻችንን ከነቤታቸው ቀብሯቸዋል። ያ ክምር ከ50 ዓመት በላይ ከእያንዳንዳችን ጓዳ ሲወጣ የኖረ ነው። አዲስ አበባ ከምታወጣው ቆሻሻ ከግማሽ በላይ የሚሆነው መበስበስ የሚችል፣ ማለትም የሽንኩርት ልጣጭ፣ የጎመን እንጨት፣ የቡና አተላና የምግብ ትርፍራፊ ነው። በነሐሴ 2010 የተመረቀው የረጲ የኃይል ማመንጫ ቆሻሻን አቃጥሎ ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ ነው የተሠራው፤ ውኃ የቋጠረ ልጣጭ ደግሞ በቀላሉ እንደማይነድ ማንኛዋም እሳት አንድዳ የምታውቅ ሴት ትመሰክራለች። ይህ እርጥብ ቆሻሻ በየቤቱ ተለይቶ ቢቀር ለሁሉም ይጠቅማል። እኔ በጓሮዬ በአሮጌ በርሜል፣ ሥሩን በስቼ፣ አንድ እጅ ልጣጭና አተላ ከሁለት እጅ ደረቅ ቅጠል ጋር እየደራረብኩ፣ በየሁለት ሳምንቱ እያገላበጥኩ፣ ሥጋና ቅባት ሳላስነካ ኮምፖስት አዘጋጃለሁ። ሦስት ወር ሲሞላው የዝናብ ጊዜ አፈር የሚሸት፣ ጥቁር፣ ለእጅ የሚለሰልስ ነገር ይሆናል። በመንገድ ዳር ችግኝ አፍልተው የሚሸጡት ልጆች በማዳበሪያ ይወስዱልኛል፤ በምትኩ የሐበሻ ጎመንና የቆስጣ ችግኝ ይሰጡኛል። ጎመኑን ከጓሮዬ ቆርጬ ስቀቅለው ማን ምን ረጭቶበት ይሆን የሚል ጥርጣሬ የለብኝም። ግቢ የሌለው የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ልጣጩን ለይቶ ለእነዚህ ልጆች ቢያስረክብ እንኳ ትልቅ ነገር ነው። ሃይላንዱን፣ ጣሳውንና ወረቀቱን በየጠዋቱ «ቆራሌው» እያለ የሚዞረው ልጅ ይወስደዋል፤ ከልጣጭ ጋር ተለውሶ ሲያገኘው ግን ዋጋ የለውም።

ስለ ማጽጃ ነገሮችም አንድ ቃል አለኝ። በረኪናን ከሌላ የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር ቀላቅለው ሳንባቸውን ያቃጠሉ ሴቶች አውቃለሁ፤ ሁለቱ ሲገናኙ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ነው፤ ፈጽሞ አይቀላቀሉ። እናቶቻችን እንስራውን በግራዋ አጥበው በወይራ ያጥኑ፣ ሸማውን በእንዶድ ያጥቡ ነበር። የእንዶድን ነገር ዓለም ያወቀው በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ ስለ ብልሃርዚያ ሊያጠና ዓድዋ በሄደ ጊዜ ነው፤ ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት በታች በኩል በወንዙ ውስጥ በሽታውን የሚያዛምቱት ቀንድ አውጣዎች ሞተው በማየቱ ምርምሩን ጀመረ። በ1989 እ.ኤ.አ. ከባልደረባው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር አማራጭ ኖቤል በመባል የሚታወቀውን ሽልማት አግኝተውበታል። እንዶድ ቢጠጣ መርዝ ነውና ከልጆች መራቅ አለበት፤ ይሁን እንጂ በየገጠሩ ገበያ እንዶድ፣ በከተማም ከአገር ውስጥ ዘይትና ዕፀዋት ሳሙና የሚያዘጋጁ ትንንሽ ሠሪዎች ገዢ አጥተው ሲቀመጡ ማየት ያሳዝናል።

ይህን ሁሉ ላለው ሰው እንጂ ለሌለው አትናገሪ የሚለኝ አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ፤ እውነትም አለው። ከሰልን በጣሳ እየገዛ በዕለት ጉርሥ የሚኖር ቤተሰብ፣ ምድጃው በጥቂት ወራት ዋጋውን ይመልሳል ቢባል፣ ዛሬ የሚያወጣው ገንዘብ ከየት ያመጣል? በጣሳ የሚገዛው ደግሞ በማዳበሪያ ከሚገዛው ይልቅ ለአንድ ኪሎ አብልጦ ይከፍላል። እንግዲህ እኔ መፍትሔውን ከሩቅ አልፈልገውም። እድርና ዕቁብ አሉን። እድሮቻችን ድንኳን፣ ወንበርና ድስት ገዝተው ለአባላት የሚያገለግሉ ከሆነ፣ ለችግረኛ አባላት ጥሩ ምድጃ በጅምላ ከባለሙያው አዝዘው በወር በወር እንዲከፈል ማድረግ ለምን ይከብዳቸዋል? ሃያ ምድጃ በአንድ ጊዜ የታዘዘለት ባለሙያ ዋጋ ይቀንሳል፤ ሸክላውን ሳይቸኩል በደንብ አቃጥሎ ያመጣል፤ የተሰነጠቀም ቢኖር የሚመልሱበትን በር ያውቃሉ። በለቅሶ ቤት ለሦስት ቀን የሚታደለውን የፕላስቲክ ውኃ ጠርሙስ በእድሩ ብርጭቆና በጀሪካን የተጣራ ውኃ ብንተካው እንኳ ከሚተርፈው ገንዘብ በዓመት ስንት ምድጃ እንደሚገዛ የእድራችን ገንዘብ ያዥ በቀላሉ ያሰላዋል።

ለከተማው አስተዳደር የማቀርበው ልመና አጭር ነው። ለአነስተኛ አምራቾች ሼድ ሲታደል ለምድጃ ሠሪዎች፣ ለብሪኬትና ለኮምፖስት አዘጋጆች፣ ለዘንቢልና ለከረጢት ሰፊዎች ሸክላ የሚቃጠልበትና ዕቃ የሚቀመጥበት ቦታ ይታሰብላቸው። በየእሑዱ ገበያ ከአትክልቱ ጎን አንድ ረድፍ ይሰጣቸው፤ ገበያተኛው ጎመኑን ሲገዛ ዘንቢሉንም እዚያው ያገኘዋል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቤቱ ሲገቡ ስለ ክትባት እንደሚያስተምሩት ሁሉ፣ በተለይ በግንቦት መጨረሻ፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ ስለ ከሰል መታፈን በግልጽ ይንገሩ። የእናንተ ጋዜጣም ስለ ከሰል ዋጋ በጻፈበት ገጽ ምድጃ ሠሪውን ቢያነጋግረው፣ ሸክላው ሲንኳኳ ምን ዓይነት ድምፅ መስጠት እንዳለበት ለአንባቢ ቢያስተምር፣ ከአንድ ዓመት ማስታወቂያ ይልቅ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ልጅቱና ሕፃኑ ዛሬ ደህና ናቸው። ልጁ መዳህ ጀምሯል። ምድጃቸው በረንዳ ላይ ነው የሚነደው፤ ዝናብ ሲመጣ እንዳይመታው ልጄ ከላይ ቆርቆሮ መትቶላቸዋል። የእድራችን ጠቅላላ ስብሰባ በሚቀጥለው ወር ይደረጋል፤ ሊቀመንበሩ ግማሽ ሰዓት ፈቅደውልኛል። በግቢው ደጅ ላይ እኩል ከሰል መዝኜ ሁለቱን ምድጃዎች፣ የቆርቆሮውንና የሸክላውን፣ ጎን ለጎን አያይዤ እኩል ውኃ እጥድባቸዋለሁ፤ የትኛው ቀድሞ እንደሚፈላና የማንኛው ፍም ቆይቶ እንደሚገኝ አባላቱ በዓይናቸው ያያሉ። ምድጃ ሠሪውም ከምናለሽ ተራ ይመጣል፤ ትእዛዝ የሚቀበልበትን ደብተር ይዞ እንዲመጣ ነግሬዋለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
ጡረታ የወጡ የባልትና መምህርት
ከጉለሌ፣ አዲስ አበባ